አንድ ሊትር ስንት ነው?

ልጅ ሲያስቀምጠው ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ዱቄት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኦ.አር.ኤስ. ይባላል፤ «ለምለም» የሚለውም ብዙ ነው። መመሪያው «በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ» ይላል። ፊደል ቆጥረናልና እናነበዋለን። ግን ሊትር ምንድነው? በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ዙሪያ ባለ ገበሬ ቤት ጣሳ አለ፣ ብርጭቆ አለ፣ ቅል አለ። ሊትር የሚባል ዕቃ የታለ?

ይህ ተራ ነገር አይደለም። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ውሃና ጨው ከሰውነቱ አሟጦ ነው። ዱቄቱ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበታል፤ የደረቀውን ልጅ ይብሱን ይጎዳዋል። እንደ ቅራሪ ከቀጠነም አይረባም።

ስለዚህ ሊትሩን በቤታችን ዕቃ እንስፈረው። የቢራ ጠርሙስ 33 ሳንቲ ሊትር ይይዛል። በደንብ ታጥቦ ሦስት ጊዜ ቢሞላ አንድ ሊትር ሆነ ማለት ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነ ሁለት ነው። ውሃው ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ከረጢቱ የአንድ ሊትር መሆኑን አይታችሁ ሙሉውን ገልብጡት፤ ግማሹን ለነገ ማስቀመጥ የለም። ዛሬ ጠዋት የተበጠበጠው ነገ ጠዋት ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር እስከ ጠርሙሱ ሲሶ ድረስ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ጡትና ምግብም አይቋረጥ።

የዚንክ ክኒኑ «10 ቀን» ይባላል እንጂ ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑም ይቆማል። የቀረው ግን የሚመጣውን ተቅማጥ የሚከላከል ነው። ግድግዳ ላይ በከሰል 10 ጭረት አድርጉና በየቀኑ አንዱን ሰርዙ። ከሰል መቼም በፋግታ ለኮማ አይጠፋም!

በባንግላዴሽ አገር ብራክ የሚባል ድርጅት ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ዓመት ቤት ለቤት እየዞረ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን የጨውና የስኳር ውሃ አበጣጠር አስተማረ። የአስተማሪዋ ክፍያ እናቲቱ ባስታወሰችው ልክ ነበር። እናቲቱ ከረሳች ጥፋቱ የአስተማሪዋ ሆነ ማለት ነው። እኔ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ።

እናንተም ጤና ኬላ ስትሄዱ «እሺ፣ ገባኝ» ብላችሁ አትውጡ። «እኅቴ፣ እኔ ልበጥብጥና አንቺ እይልኝ» በሉ። ቤት ያሉት እናት አማርኛው ካልገባቸው በአዊኛ ንገሯቸው፣ እሳቸውም ሠርተው ያሳዩአችሁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ጠርሙስ መቁጠሩን ትታችሁ ልጁን ይዛችሁ ሩጡ፤ በመንገድም የሚጠጣ ከሆነ እየሰጣችሁት ሂዱ።