የቤታችንን ኮምፒዩተር ከቫይረስ ስለ መጠበቅ

የኮምፒዩተር ቫይረስ ሲነሣ ብዙዎቻችን ከኢንተርኔት ብቻ የሚመጣ የሩቅ አገር በሽታ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቫይረስ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰው ካልከፈተው በቀር ሥራውን አይጀምርም። የሚከፍተውም ሳያውቅ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ለምሳሌ ወረታን እንመልከት። በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር ስለ ሆነ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ጥናት ወደዚያ የምንወርድ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። መጠይቁ ከገበሬው ዘንድ ይሞላል፤ መልሱ በቤት ኮምፒዩተር ይመዘገባል፤ ከዚያም በፍላሽ ተይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የብዙ ሰው ፍላሽ ሲሰካ ይውላል። እንግዲህ ዋናው በራችን ይህ ነው።

በዚህ በር የሚገባው የታወቀው ተባይ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው አቋራጭ ያስቀምጣል። ያንን አቋራጭ ስንጫን ፎልደሩ ይከፈትልናል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ቫይረሱም ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። በጣና ላይ ከአንዲት ቁራጭ ተነሥቶ የሚዛመተውን እምቦጭ ላየ የፎገራ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ይህ ሲደርስ ፍላሹን ወዲያው ፎርማት ማድረግ አይገባም። ፋይሎቹ ተደበቁ እንጂ አልጠፉምና፣ በመጀመሪያ በጸረ ቫይረስ መፈተሽ፣ ቀጥሎም የተደበቁትን ፋይሎች የሚያሳየውን ምርጫ ማብራት ይበቃል።

ሁለተኛው በር የማይታወቅ ፕሮግራም መጫን ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የሐሰት የፍላሽ ፕሌየር ማሻሻያ በኢሜይል ይላክላቸው እንደ ነበር ገልጿል። ማሻሻያ የተባለው ነገር የስለላ ፕሮግራም ነበር። «ክራክ» የሚባለውም ጸረ ቫይረሱን አጥፉልኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዘበኛውን ከቤት አስወጡልኝ ማለቱ አይደለምን?

ሦስተኛው በር ያልታደሰ ኮምፒዩተር ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ውስጥ ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ሲይዝ ማንም ሰው አልከፈተውም፤ በዊንዶውስ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ እንጂ። ፋይሎችን በምስጢር ጽሑፍ ቆልፎ የመክፈቻ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር አስቀድሞ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ የሚችል ሁሉ ወደ 11 ይለፍ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ዲፌንደር የተባለው ጸረ ቫይረስ ያለ ክፍያ ይገኛል። ነገር ግን ካልታደሰ አዲሱን ቫይረስ አያውቀውም። በቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ተማሪ የዲፌንደርን ማሻሻያ ለዕረፍት ከመሄዱ በፊት ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ መውሰድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቫይረስ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ቅጂ ነው። የፎገራ ገበሬ የዘሩን እህል ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ቢርበውም አይነካውም። የጥናታችንም ቅጂ እንደዚሁ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። በኮምፒዩተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ቅጂ ግን ቅጂ አይባልም፤ ቆላፊው ፕሮግራም እርሱንም ይቆልፈዋልና። በየሳምንቱ ተገልብጦ፣ ተነቅሎ፣ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት አገር ይህ ምክር ለቫይረስ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

የጠፋ ኮምፒዩተር ገንዘብ ከተገኘ ይተካል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሩዙ ሲታጨድ ከማሳው ላይ የተለካ ምርት ግን በጥር ቢጠፋ እስከሚቀጥለው አጨዳ አይገኝም፤ ምረቃውም ከእርሱ ጋር ይዘገያል። ጊዜውን ሰጥቶ መጠይቃችንን የሞላልን ገበሬም አደራ ጥሎብናል። እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ አንብበን ከመተኛታችን በፊት አንድ ቅጂ እንገልብጥ።