ባርኔጣውን አንሰጥም ያሉት ስካውቶች

አጋሮ ውስጥ የሚያስተምር አንድ ጓደኛ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ ምናምን ልጆች ሰብስቦ ገመድ ማሰር፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ካርታ ማንበብ ያሳያቸዋል። ማኅተም የለውም፣ ደብዳቤ የለውም፣ ዩኒፎርም የለውም። በቀደም ጅማ መጥቶ ጀበና ቡና ይዘን ስናወራ፣ «ልጆቹን ስካውት ልበላቸው? ወይስ ስሙ ባለቤት አለው?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ስካውት የሚባለው ነገር ከተጀመረ ጀምሮ ሰዎች ሲጣሉበት የኖሩት በዚሁ ጥያቄ ነው።

መነሻውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባደን ፓወል የተባለ የእንግሊዝ ጄኔራል እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ሰፈረ። በዓመቱ «ስካውቲንግ ፎር ቦይስ» የሚለውን መጽሐፍ አወጣ፣ ነገሩም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሰውየው የሞተው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው፣ በ1941፣ ኒየሪ በምትባል ከተማ። ኒየሪም እንደኛ የቡና አገር ናት (ቡናቸው ከጅማ ቡና በጣም ውድ መሆኑን አሁን ባላነሳው ደስ ይለኛል)። መቃብሩ ላይ መሃሏ ነጥብ ያለባት ክብ ተቀርጻለች። በስካውቶች የመንገድ ምልክት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ናት።

መሥራቹ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቤቱን ለማን እንደተወ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

እንግሊዝ ውስጥ በ1966 አንድ ሪፖርት ወጣ። የማኅበሩ አለቆች «ወጣቱ እየሸሸን ነው፣ ዘመናዊ እንሁን» ብለው ያስጠኑት ነው። በማግስቱ ዓመት ለውጡ መጣ። ከማኅበሩ ስም «ቦይ» የሚለው ቃል ወጣ። ቁምጣው በረጅም ሱሪ ተተካ፣ ያ ሰፊ ባርኔጣም ቀረ። ሮቨር የሚባለው የትልልቆቹ ወጣቶች ክፍል ጭራሽ ተዘጋ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ባርኔጣው ነው፣ እኔ ግን ዋናው ቁስል የሮቨሮቹ ይመስለኛል። ባርኔጣ ልብስ ነው። ሮቨር ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ያደገ፣ ጓደኞቹ በሙሉ እዚያው ያሉ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ቀን «ክፍልህ የለም» ብትሉት ዝም ብሎ አይሄድም።

አልሄዱምም። በ1970 የተቃውሞ ጽሑፍ አሳተሙ። ጽሑፉ ሰሚ ሲያጣ በዚያው ዓመት የባደን ፓወል ስካውቶች ማኅበር የሚባል የራሳቸውን አቋቋሙ። ባርኔጣው ተመለሰ፣ ሮቨሩም ተመለሰ። ይኸው እስከ ዛሬ አሉ፣ «ባህላዊ ስካውት» ይባላሉ። በሌሎች አገሮችም መሰሎቻቸው ተፈጠሩና በ1996 ጀርመን ውስጥ የነጻ ስካውቶች የዓለም ፌዴሬሽን ተመሠረተ።

እውነቱን ለመናገር፣ «እኛ ነን ዋናዎቹ» የሚለው ክርክራቸው ብዙም አይገባኝም። ባደን ፓወል ራሱ እስኪሞት ድረስ ሲቀያይር ነበር። ትንንሾቹን ልጆች የጨመረው በ1916 ነው፣ ሮቨሮቹ የመጡት በ1918። ታዲያ «የጥንቱ» የሚባለው የቱ ዓመት ነው? ሌላም አለ። የመጀመሪያዎቹ ተገንጣዮች የ1970ዎቹ አይደሉም። ገና በ1909፣ መሥራቹ በሕይወት እያለ፣ «ይሄ ነገር ወታደር ወታደር ሸተተ፣ አለቃውም በዛ» ብለው የወጡ ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ባደን ፓወልን ሸሽቶ ወጣ፣ ሌላው በባደን ፓወል ስም ወጣ።

መውጣታቸው ግን ይገባኛል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አልበርት ሂርሽማንን ሳይጠቅስ አይቀርም፣ ታገሡኝ። የሂርሽማን ዝነኛ መጽሐፍ የወጣው ልክ እነዚህ ሰዎች በተገነጠሉበት በ1970 ነው። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ አንድ ድርጅት ሲበላሽባችሁ ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው፣ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትናገራላችሁ። ሐሳቡ የመጣለት ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ ነው። የባቡሩ አገልግሎት እየባሰበት ሲሄድ፣ ሊጮሁ ይችሉ የነበሩት ደንበኞች ጭነታቸውን ዝም ብለው ወደ መኪና አዛወሩ። ባቡር ላይ የቀረው የማይናገር ብቻ ሆነ፣ ባቡሩም እንደተበላሸ ቀረ። መውጣት ነጻነት ነው፣ ግን የምትወጡበትን ቤት አፍ ይዛችሁበት ትሄዳላችሁ።

በስካውቶቹም የሆነው ይመስለኛል። ተቺዎቹ ወጡ፣ ትልቁ ማኅበርም ያለ እነሱ ቀጠለ። በሮቨር ቦታ የተተካው አዲሱ ክፍል ግን እሱም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሰርዞ በሌላ ተቀየረ። የ1970ዎቹ ሰዎች ውስጥ ሆነው ቢጮሁ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ነጻ የመሆን ዋጋውም ቀላል አይደለም። የዓለም ስካውት ድርጅት በመርህ ደረጃ ለአንድ አገር የሚያውቀው አንድ ብሔራዊ ድርጅት ነው። ከዚያ ውጪ ከሆናችሁ የዓለም ጃምቦሪ አትሄዱም፣ ሥልጠናውንም ኢንሹራንሱንም ራሳችሁ ትችላላችሁ። አሜሪካ ውስጥማ ከ1916 ጀምሮ የስሙና የምልክቱ ባለመብት ትልቁ ድርጅት መሆኑን ኮንግረስ በሕግ ደንግጎለታል። ትንሽ ማኅበር ስትሆኑ ወጪው ለጥቂት ሰው ይከፋፈላልና ለእያንዳንዱ ይከብዳል። ይሄ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው።

«ለአንድ አገር አንድ ማኅበር» የሚለውን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በንጉሡ ጊዜ የነበረው ስካውት ከአብዮቱ በኋላ ጠፋ፣ በደርግ ጊዜ ወጣት ከሆናችሁ ያላችሁ አኢወማ ነበር፣ ሌላ በር የለም። ስካውት ተመልሶ ዛሬ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር አለ። ሕጉም ቢሆን አዋጅ 621/2001 በአዋጅ 1113/2011 ከተተካ ወዲህ ከበፊቱ ሰፍቷል። ጅማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ጉዳይ ደግሞ የክልሉ ነው። እና የጓደኛዬ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። ትልቁ ማኅበር ውስጥ ልግባ ወይስ ብቻዬን ልቁም ብሎ መጠየቅ ለወላጆቹ ጨርሶ ያልነበረ ምርጫ ነው።

እኔ ለእሱ የነገርኩት ስለ ባርኔጣ ሳይሆን ስለ ዝናብ ነው። የእንግሊዞቹ ፕሮግራም በበጋ ካምፕ ላይ የቆመ ነው፣ ትምህርት ሲዘጋ ድንኳን ይተከላል። እኛ ጋ ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐምሌ ላይ ጅማ ዙሪያ ድንኳን የሚተክል ሰው በማግስቱ ድንኳኑን ጊቤ ወንዝ ውስጥ ይፈልግ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይቀር ይጠፋሉ። ስለዚህ የሎንዶንም ሆነ የአዲስ አበባ መርሐ ግብር እንዳለ አይሠራም። ከጥር በኋላ ያለውን ደረቅ ጊዜ የሚያውቅ፣ ለቀማ ላይ ያለ ልጅ ቀረ ብሎ የማይሰርዝ ሰው ያስፈልጋል። ያንን የሚፈቅድለት ማኅበር ካለ ውስጥ ይግባ። ካልፈቀደለት ብቻውን ይቁም። ቁምጣ ይሁን ሱሪ የጭቃው ጉዳይ ነው።

ከድሮው መጽሐፍ ቢወስድ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱም የቡድን አሠራሩ። ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ይሆኑና መሪያቸው ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ይሆናል። አዋቂው ዳር ቆሞ ያያል። ብር አይጠይቅም፣ ባርኔጣም አይጠይቅም። ክፍል ውስጥ 60 ሆነን ተቀምጠን «ዝም በል» ሲባል ላደግን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለብቻ መቆም የሚያስፈራው ሰው ካለ እዚያው አጋሮ ያሉትን የቡና ገበሬዎች ይይ። የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ በገበያው የሚታወቀው በደረቅ ዝግጅቱና በዝቅተኛ ደረጃው ነበር። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ግን ተደራጅተው እሸቱን ማጠብ ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ዱሮሚና የሚባለው ማኅበር፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛሬ የአካባቢው ማኅበራት ትልቁ የኦሮሚያ ዩኒየን እያለ ካታ ሙዱጋ የሚባል የራሳቸው ዩኒየን አላቸው። እነዚህ ሰዎች የተለዩት እንደ እንግሊዞቹ ድሮውን ለማስመለስ አልነበረም፣ ድሮውን ጥለው ነው።

ስሙ ላይ ግን እነሱም አልቻሉም። ካታ ሙዱጋ ጎማ ወረዳ ጮጬ ውስጥ ያለ ቦታ ነው፣ «ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው» የሚባልበት። ቦንጋ ሄዳችሁ ይሄን ብትሉ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን በጣታቸው ያሳዩዋችሁና ሌላ ስኒ ይቀዱላችኋል።