ከስሜን ተራሮች እስከ ኢየሩሳሌም፤ የቤተ እስራኤል ናፍቆት በሁለት አገር

በአማርኛ ከአገር መውጣትን የሚያመለክቱ ቃላት ብዙ ናቸው። በግፍ ወይም በችጋር የወጣ ሰው ስደተኛ ይባላል፤ በሹም ትእዛዝ የተወሰደ ግዞተኛ ነው፤ ለጊዜው ብቻ የሄደ እንግዳ ነው። ከጎንደር ከተማ ዙሪያና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ወጥተው ዛሬ በእስራኤል አገር ዐርባ ዓመት ያህል የኖሩት የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ግን ኑሯቸውን ከነዚህ ስሞች በአንዱም ሊጠሩት አይወዱም። እነርሱ ወደዚያ መሄዳቸውን ‹‹መመለስ›› ይሉታል። ነገር ግን ተመለስንበት የሚሉት አገር ከመሄዳቸው በፊት በዐይናቸው አይተውት የማያውቁት ነው፤ ዛሬ በዐይነ ሕሊናቸው ደጋግመው የሚያዩት ደግሞ ትተውት የሄዱት የጎንደር ደጋ ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነና ስለ ሰው ልጅ ናፍቆት ምን እንደሚያስተምር ከዚህ በታች ይገለጻል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከስም መጀመር ይሻላል። ጎረቤቶቻቸው እነዚህን ሰዎች ‹‹ፈላሻ›› ይሏቸው ነበር። ይህም ቃል ፈለሰ ከሚለው ግስ ጋራ የሚያያዝ ሲሆን አገር የሌለው፥ መጻተኛ ማለት ነው። እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው ይጠሩ ነበር እንጂ ይህን ስም አይወዱትም። ትውፊት እንደሚያወሳው፥ በ15ኛው ምዕት ዓመት የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ዐዋጅ አስነገሩ። በስሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው አለቆች የነበሯቸው እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኃይላቸው ተሰበረ። ርስቱን ያጣው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ፤ ከእርሻውም ጋራ ብረት መቀጥቀጥን፥ ሸክላ መሥራትን፥ ሽመናንና ግንበኝነትን ያዘ። የጎንደር ነገሥታት አብያተ መንግሥታቸውን ባሠሩ ጊዜ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። ሆኖም ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ሰው ባላገሩ በቀን ይፈልገዋል፥ በሌሊት ይፈራዋል፤ ቡዳ ነው፥ ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይባል ነበርና። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች አያቶቻቸው በተቀበሩበት አገር የመጻተኛ ስም ተሸክመው የኖሩ ናቸው ማለት ነው።

ቤተ እስራኤል በደምቢያ፥ በወገራ፥ በስሜን፥ በቋራና በላስታ፥ እንዲሁም ትግርኛ በሚነገርባቸው በወልቃይት፥ በጸለምትና በሽሬ በትናንሽ መንደሮች ተበትነው ይኖሩ ነበር። መንደራቸውን የሚመርጡት ከወንዝ አጠገብ ነው፤ ሕጋቸው ብዙ መታጠብን ያዝዛልና። ከውጭ ሰው ጋራ የተነካካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ስለዚህም ጎረቤቶቻቸው ‹‹አትንኩኝ›› ባዮች ይሏቸው ነበር። ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜና ከወለዱ በኋላ ከመንደሩ ዳር ባለው የመርገም ጎጆ ይቀመጣሉ። የጸሎት ቤታቸው መስጊድ ይባላል፤ ሰገደ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ቄሶቻቸው ኦሪትን በግእዝ ያነብባሉ፤ ከጸሎታቸውም ውስጥ በአገውኛ የሚባል ነበረ።

ከበዓሎቻቸው ሁሉ ለዚህ ነገር ዋና ምስክር የሚሆነው ስግድ ነው። ይህም በዓል ምህልላ ተብሎ ይጠራል፤ የሚውለውም ከማስተስረያ በዓል በኋላ በኀምሳኛው ቀን ነው። በዕለቱ ሕዝቡ ጾሞና ነጭ ልብስ ለብሶ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹም ጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን አስይዘው ይቀድማሉ። ብዙዎች የትሕትና ምልክት እንዲሆን ድንጋይ ተሸክመው ይወጡ ነበር። በተራራው ላይ ሕጉ በሲና የተሰጠበትና በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሶ ቃል ኪዳኑን ያደሰበት ክፍል ይነበባል፤ ሕዝቡም ኢየሩሳሌምን ያሳየን ዘንድ ብሎ ይሰግዳል። ከቀትር በኋላ ወርደው በዳቦና በጠላ ጾማቸውን ይፈታሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትልቁ ስብሰባ የሚደረገው ከጎንደር በማይርቀው በአምቦበር ነበር። በዚህም ሥርዐት ናፍቆት የአንድ ሰው የልብ ሐዘን መሆኑ ቀርቶ ቀን የተቈረጠለት የማኅበር ሥራ ሆነ። ልጁ ኢየሩሳሌምን መናፈቅ የሚማረው ከአባቱ ቃል ብቻ ሳይሆን ዳገቱን ከወጡት እግሮቹም ነበር።

ይህ ናፍቆት በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በ1854 ዓ.ም. አባ ማሕሪ የሚባሉ መነኵሴ ጊዜው ደረሰ ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግራቸው ተነሡ። ጉዞው በትግራይ ምድር በረኀብና በበሽታ ፈረሰ፤ ብዙዎችም በመንገድ ቀሩ፤ የተረፉት ወደየመንደራቸው ተመለሱ።

በትምህርት ምክንያት ወደ ውጭ አገር የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ታሪካቸው ሌላ ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉት ምሁር በ1897 ዓ.ም. ታምራት አማኑኤልን ወደ ፈረንሳይ ወሰዷቸው፤ ታምራት ከዚያም በኢጣልያ ተምረው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱና በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። የወለቃው ተወላጅ ዮና ቦጋለም በኢየሩሳሌምና በአውሮጳ ተምረው ተመልሰው በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፤ በኋላም ለወገኖቻቸው ትምህርት ደከሙ፤ በስተርጅናቸው በ1972 ዓ.ም. ግድም ወደ እስራኤል ሄደው በዚያው ዐረፉ። በ1940ዎቹ መጨረሻም 27 ወጣቶች ለመምህርነት እንዲሠለጥኑ ወደ እስራኤል ተልከው ነበር። ለነዚህ ሰዎች ውጭ አገር ተሂዶ የሚመለሱበት ቦታ ነበረ። ሕዝቡ በሙሉ ከተነሣ በኋላ ግን ለመመለሻ የሚሆን መንደር አልቀረም።

ሕዝቡ የተነሣው እንዲህ ነው። በ1965 ዓ.ም. የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከአይሁድ ወገን ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ ለነርሱም እንዲሠራ ወሰነ። በዚያው በ1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጥቶ ጭሰኝነት ቀረ። ስለዚህ በስሜን ያለው ቤተ እስራኤል ለዘመናት የተነፈገውን መሬት ለማግኘት ሕግ የፈቀደለትና የሌላው አገር በር የተከፈተለት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጦርነትና ረኀብ፥ የአስተዳደሩም ጭቆና መንገዱን ወሰነው። ብዙ ሺህ ሕዝብ በሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን ወረደ፤ በስደተኞች ሰፈርም በበሽታና በረኀብ ያለቁት፥ በመንገድ ከሞቱት ጋራ፥ ወደ 4 ሺህ እንደሚጠጉ ይገመታል። በ1977 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ድረስ በምስጢር በተደረገው የአውሮፕላን ጉዞ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ተወሰዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ፥ መንግሥቱ ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እስራኤል ገባ። ከዚያም ወዲህ አያቶቻቸው ክርስትና ተቀብለው የነበሩ ቤተ ሰቦች በጎንደር ከተማ ለብዙ ዓመታት ተራ እየጠበቁ ሄደዋል።

ዛሬ በእስራኤል ያሉት ኢትዮጵያውያንና ትውልዳቸው ከ160 ሺህ በላይ ናቸው። ከነርሱ መካከል በዕድሜያቸው ገፍተው ወደ ኋላ የሚመለከቱት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚያነሡት ነገር በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው የክብር ነገር ነው። በአገር ቤት ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጋብቻ ሲታሰብ ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት በሽማግሌ ይቈጠራል፤ ልጅ በአባቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም። በአዲሱ አገር ግን ልጁ ቋንቋውን ቀድሞ ስለ ተማረ በየመሥሪያ ቤቱ የአባቱ አስተርጓሚ ሆነ። ሚስት ደመወዝተኛ ሆነች፤ ጥማድ በሬ ይነዳ የነበረውም አባት ያለ ሙያ ቀረ። ቄሶቹም ቢሆኑ ሕዝቡን አጋብተውና አፋትተው የኖሩ ሲሆኑ፥ በዚያ አገር ይህ ሥልጣን የረቢዎች ስለ ሆነ ከሥራቸው ተገለሉ። ከዚህም በላይ ሕዝቡ አይሁድነቱን በጥምቀት ሥርዐት እንዲያጸና በተጠየቀ ጊዜ በመስከረም 1978 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ተቃወመ። ስለ ኦሪት ብሎ ርስቱን ላጣ ሰው ኦሪቱን መጠራጠር ከሁሉ የከፋ ስድብ ነበረ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የለገሱት ደም ሳይሠራበት ይጣል እንደ ነበር ሲሰማ ብዙ ሺህ ሰው አደባባይ ወጣ። የጎንደር ባላገር እጃቸውን ይፈራ ነበር፤ በዚህ ደግሞ ደማቸው ተፈራ።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ልጆቹ በደረሱ ጊዜ ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። የኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለው፥ ለብዙዎቹ የአያታቸው ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የወል ስማቸው ነው። በተወለዱበት አገር መጻተኛ የተባሉት ሰዎች፥ የአባቶቻችን አገር ባሉት ምድር ‹‹ኢትዮጵያውያን›› ተባሉ። በጎንደር ሳሉ እንደ እንግዳ የቈጠራቸው አገር ስሙን የሰጣቸው ከሄዱ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የዕለት ኑሮ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያወጉ ቡዳ መባሉንና ጭሰኝነቱን አይረሱም፤ ነገር ግን በብዛት የሚያነሡት የወንዙን ውሃ፥ የመስከረሙን አደይ፥ የደጋውን ብርድና የጎረቤቱን ስም ነው። ብዙ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ከብት ጠባቂና የወንፈል ባልደረባ ነበሩ። አንዳንድ አሮጊቶች ስለ መርገም ጎጆ እንኳ ሲናገሩ ከሥራ የሚያርፉበትና ከሴቶች ጋራ የሚጫወቱበት ቦታ አድርገው ያስታውሱታል። በእስራኤል ከተሞች ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ሆነው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ቡናውንም እስከ በረካ ድረስ ይጠጣሉ። ለቅሶ በሆነ ጊዜ ወገን ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ይሰበሰባል፤ እንዲህ ያለው ቀን የቀድሞው መንደር ተመልሶ የሚቆምበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መከራ ያዩበትን አገር መናፈቃቸው ወደ ኢየሩሳሌም በመሄዳቸው መጸጸት ነውን? አይደለም። ሁለቱ ናፍቆቶች በዐይነታቸው ይለያያሉና። የቀድሞው ናፍቆት ላላዩት አገር የነበረ ስለ ሆነ ሥርዐት ያስፈልገው ነበር፤ ቀን፥ ተራራ፥ ቄስና መጽሐፍ አቆሙት። የአሁኑ ናፍቆት ለሚያውቁት አገር ስለ ሆነ ሥርዐት አልተበጀለትም፤ በምጣድ፥ በጀበናና በወሬ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ከአባት ወደ ልጅ ለብዙ ምዕት ዓመት ሲተላለፍ ኖረ፤ ሁለተኛው ግን ከባለቤቱ ጋራ ሊሞት ይችላል።

ሆኖም ሥርዐት የማግኘት ምልክት እየታየ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. ስግድን የአገሪቱ በዓል አድርጎ በሕግ አጽንቶታል። በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም፥ አሮጌዋን ከተማ ፊት ለፊት ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል፤ ቄሶቹም እንደ ቀድሞው ጥላ ተይዞላቸው በግእዝ ያነብባሉ። ኢየሩሳሌምን አሳየን የሚለው ጸሎት ኢየሩሳሌም እየታየች ይጸለያል። አሮጌዎቹ ይጾማሉ፥ ያለቅሳሉ፤ ወጣቶቹ ግን የሚመጡት በብዛት ዘመድ ለመገናኘትና ኢትዮጵያዊነታቸውን ለማየት ነው። እንግዲህ በአምቦበር ተራራ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ይመለከት የነበረው በዓል፥ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ወደ አምቦበር መመልከት ጀምሯል ማለት ነው። በሱዳን መንገድ ለሞቱትም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸው በየዓመቱ ይታሰባሉ።

በጎንደርም በኩል የቀረ ነገር አለ። ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለቃ ዛሬ የሚኖሩት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሴቶቹ ግን በቤተ እስራኤል ሙያ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። የአምቦበርም መስጊድ አለ። ከእስራኤል የሚመጡት ጎልማሶች የወላጆቻቸውን መንደር ሲጠይቁ የሚመሯቸው የቀድሞ ጎረቤቶች ናቸው፤ የማን ቤት ከየት እንደ ነበረ፥ የማን አባት የት እንደ ተቀበረ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።

ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የሽማግሌ ትዝታ የቀድሞውን ኑሮ እንደ ነበረ የሚያሳይ መስተዋት አይደለም፤ ናፍቆት መራራውን ያለዝባል፥ የኋለኛው በደልም የፊተኛውን ያስረሳል። ስለዚህ የሄደው ሽማግሌ በእስራኤል የሚናገረው፥ የቀረውም ጎረቤት በወገራና በስሜን የሚናገረው ጎን ለጎን ሊጻፍ ይገባል። የሁለቱም ዕድሜ ገፍቷል። በእስራኤል የተወለዱት የልጅ ልጆች ከአማርኛ ይልቅ ዕብራይስጥ ይቀናቸዋልና አያታቸው የሚያወጉትን ሁሉ አይሰሙትም፤ በወለቃ የተወለዱትም ልጆች የሸክላውን ሙያ እንጂ የባለሙያዎቹን ስም አያውቁም። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቀውን ነገር በኋላ የሚመልስ አይገኝም።