10 ወይስ 9? የቤዝቦል ካርድ ሰብሳቢው ጭንቀት

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት አንዲት የካርቶን ቁራጭ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ካርዷ እ.ኤ.አ. በ1952 ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ ያሳተማት ስትሆን የኒውዮርክ ያንኪሱ ኮከብ ሚኪ ማንትል ምስል አለባት። የመጨረሻው ባለቤቷ በ1991 ሲገዛት የከፈለው 50 ሺህ ዶላር ነበር። ኤስጂሲ የተባለው መርማሪ ድርጅት ከ10 ነጥብ 9.5 ሰጥቷት ነበርና በጨረታው ላይ ገንዘቡ እንደ ጎርፍ መጣ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በአሜሪካ ስንቱ አባወራ የልጅነት ካርቶኑን አውርዶ አቧራውን እንደሚያራግፍ መገመት አያቅትም። ከዚያ በኋላ ነው ጭንቀቱ የሚጀምረው። ካርቶኑ ውስጥ 2 ሺህ ካርድ አለ እንበል። የትኛው ነው ለምርመራ የሚላከው? ሁሉንም መላክ ኪስ ያራቁታል፣ ምንም አለመላክ ደግሞ ወርቅ በእጅ ይዞ እንደ መደኽየት ነው።

ቤዝቦል ለአዲስ አበባ ተመልካች ባዕድ ስፖርት ቢሆንም የካርዱ ነገር ግን ለማንም የሚገባ ነው። ሰብሳቢው ካርዱን በፖስታ ወደ መርማሪው ድርጅት ይልካል። ባለሙያዎች በአጉሊ መነጽር ይመለከቱታል፣ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል፣ ከዚያም ነጥቡ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ይመልሱታል። ከድርጅቶቹ ስመ ጥሩ እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ፒኤስኤ ነው። የእሱ እናት ኩባንያ ኮሌክተርስ በ2024 ተፎካካሪውን ኤስጂሲን ጠቅልሎ ገዝቷል። ሌላው ቤኬት ሲሆን እሱ ደግሞ አራት ንዑስ ነጥቦችን ለየብቻ በማስቀመጥ ይታወቃል።

አራቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ምስሉ በካርዱ መሃል መዋሉ፣ ማዕዘኖቹ፣ ጠርዙ እና ገጹ። ብዙ ሰው የሚሸወደው በመጀመሪያው ነው። ካርዱን ከፓኬቱ ሲያወጣው ያብረቀርቃል፣ እጅ አልነካውም፣ "ይሄማ 10 ነው!" ይላል። ግን ማተሚያ ቤቱ ራሱ አጣሞ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። የግራው ነጭ ክፈፍ ከቀኙ ሰፋ ካለ አለቀለት። በፒኤስኤ 10 ለማግኘት የፊት ገጹ የሁለቱ ክፈፎች ድርሻ 55 ለ45 ገደማ መሆን አለበት፣ ጀርባው ግን እስከ 75 ለ25 ይፈቀድለታል። ይህን ለማወቅ አንዲት ማስመሪያ ትበቃለች። ማስመሪያ ሳይጠቀም ካርድ የሚልክ ሰው ኳሱ መስመር ማለፉን ሳያይ ጎል ብሎ የሚጮህ ደጋፊ ነው።

ማዕዘኑ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጭ ነጥብ ካሳየ ተጎድቷል ማለት ነው። ገጹን ለማየት ደግሞ ካርዱን ከጠንካራ መብራት ስር ይዞ ቀስ እያሉ ማዘንበል ነው። በቀጥታ ሲያዩት የማይታይ ጭረት፣ የማተሚያ መስመር፣ ትንሽ ስርጉድ... ሁሉም ብቅ ይላል። ቶፕስ እስከ 1991 ድረስ በፓኬቱ ውስጥ ማስቲካ ይጨምር ስለነበር ማስቲካው የነካው ካርድ ቅባት የመሰለ እድፍ ይዞ ይቀራል። የ1971 የቶፕስ ካርዶችማ የተለየ ጣጣ አላቸው። ክፈፋቸው ጥቁር ነው፣ ጫፉ ትንሽ በተላጠ ቁጥር ነጩ ካርቶን ያፈጣል። የዚያን ዓመት ካርድ በከፍተኛ ነጥብ ማግኘት ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ 8 እንኳ ቢያገኝ ይላካል፣ ዘመናዊው ካርድ ግን በ8 የሚመለስ ከሆነ ባይላክ ይሻለዋል።

ሂሳቡ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። ርካሹ አገልግሎት እንኳ ፖስታና ኢንሹራንስ ሲታከልበት ለአንድ ካርድ 30 ዶላር ገደማ ያስወጣል እንበል። አንድ ሰብሳቢ በ40 ዶላር ሂሳብ አስር ካርድ ገዝቶ ላከ። ወጪው 700 ዶላር ሆነ። 10 ያገኘው በ150 ዶላር፣ 9 ያገኘው በ60፣ 8 ያገኘው በ35 ይሸጣል ብለን እናስላ። ከአስሩ ሦስቱ 10፣ አምስቱ 9፣ ሁለቱ 8 ሆነው ቢመለሱ ሽያጩ 820 ዶላር ነው። የሽያጭ ገበያው ከመቶ 13 ገደማ ሲቆርጥ እጁ ላይ 713 ይቀራል። ይሄ ሁሉ ልፋት፣ ይሄ ሁሉ ወር ጥበቃ፣ ለ13 ዶላር! ከሦስቱ አንዱ ወደ 9 ቢወርድ ደግሞ ትርፉ ቀርቶ 65 ዶላር ኪሳራ ይመጣል።

ስለዚህ ነባሮቹ ሰብሳቢዎች ጥያቄውን ይገለብጡታል። "10 ቢያገኝ ስንት ያወጣል?" ብለው አይጀምሩም። "9 ቢያገኝ ወጪዬን ይመልሳል?" ነው የሚሉት። መልሱ አዎ ከሆነ ይላካል። ካልሆነና ካርዱም እንከን የለሽ ካልሆነ ርካሽ በሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ገብቶ እቤቱ ይቀመጣል። ሊልኩ ከነበሩት ክምር ውስጥ አብዛኛው በዚህ ጥያቄ ይወድቃል፣ መውደቅም አለበት። ካርዱ የማይሸጥ፣ ከአባት የተወረሰ ወይም ለፍቅር የተያዘ ከሆነማ ሂሳቡ ሌላ ነው። ሰው ለማስታወሻው 30 ዶላር ቢያወጣ ማን ከልካይ አለው?

ሌላው መታየት ያለበት ብዛቱ ነው። ፒኤስኤ የትኛው ካርድ ስንት ጊዜ ምን ነጥብ እንዳገኘ የሚያሳይ ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል። ኬን ግሪፊ ጁኒየርን እንውሰድ። አፐር ዴክ በ1989 የመጀመሪያ ስብስቡን ሲያወጣ የ19 ዓመቱን ልጅ ካርድ ቁጥር 1 አደረገው። ኮፍያው ላይ ያለው የሲያትል ማሪነርስ ቀለም እንኳ ፎቶው ላይ የተቀባ ነበር፣ ልጁ ገና ለታችኛው ሊግ ቡድን ይጫወት ስለነበር። ካርዱ ታዋቂ ሆነ፣ ሁሉም ደብቆ አስቀመጠው፣ ሁሉም ላከው። ዛሬ ከ4 ሺህ በላይ 10 አሉት። 9 ያገኙትማ ገበያውን አጥለቅልቀውታል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የታተሙት ካርዶች ባጠቃላይ እንዲሁ ናቸው። ኩባንያዎቹ ያለ ልክ አተሙ፣ ሰውም ያለ ልክ አስቀመጠ። የዚያ ዘመን ካርድ 10 የማያገኝ ከመሰለ ፖስታ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

የድሮዎቹ ሕግ ግን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር የወጣው የሆነስ ዋግነር ካርድ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ነጥቡ 2 ብቻ ነበር። ሁለት! የማንትልም የ1952 ካርድ ተጨማዶ፣ ማዕዘኑ ተበልቶ እንኳ በአስር ሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። እዚህ ምርመራው የሚፈለገው ለውበቱ ሳይሆን ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው፣ ፎርጅዱ ብዙ ነውና።

ጥድፊያው ያመጣው ጣጣ

በኮሮና ጊዜ እቤቱ የተቀመጠ አሜሪካዊ ሁሉ ካርድ ቆጣሪ ሆነ። ፒኤስኤ በመጋቢት 2021 በሦስት ቀን የተቀበለው ካርድ ባለፉት ሦስት ወራት ከተቀበለው እንደሚበልጥ ገልጾ ርካሾቹን አገልግሎቶች አቋረጠ። ቀድመው የላኩት ወራት ጠበቁ። ካርዶቹ ሲመለሱ ደግሞ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። በቅርጫት ኳሱ የ1986ቱ የማይክል ጆርዳን ካርድ በ10 ነጥብ በጥር 2021 በ738 ሺህ ዶላር ተሽጦ በዚያው ዓመት ከግማሽ በታች ወርዷል። የጆርዳን ካርድ እንዲህ ከሆነ ትናንት የተመለመለው የቤዝቦል ልጅ ካርድ ምን ሊሆን ነው? ተጫዋቹ ጉልበቱን ከተጎዳ ወይም ኳሱን መምታት ካቃተው ነጥቡ 10 ሆኖ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። ጊዜም ከሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ነጥቡንም እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አድርጎ መያዝ ልክ አይደለም። ዳኛ ያው ዳኛ ነው። የሆኪው ንጉሥ ዌይን ግሬትዝኪና የሎስ አንጀለስ ኪንግስ ባለቤት ብሩስ ማክኖል በ1991 አንድ የዋግነር ካርድ በ451 ሺህ ዶላር ገዙ። አዲሱ ፒኤስኤ በታሪኩ የመጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ካርድ ሲሆን 8 ሰጠው። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በ2007 የአሪዞና ዳያመንድባክስ ባለቤት ኬን ኬንድሪክ በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በ2013 ግን ቀደም ሲል ካርዱን የሸጠው ታዋቂው አጫራች ቢል ማስትሮ በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ሲያምን ጠርዙን በመቁረጥ እንዳሳመረው ተናዘዘ። የተቆረጠ ካርድ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም ነበር። ዛሬ አንድ ተራ ሰብሳቢ ጠርዙን በምላጭ አስተካክሎ ቢልክ ያለ ነጥብ ሊመለስለት ይችላል፣ ከዋግነሩ ወዲህ መርማሪዎቹ ይህችን ነገር ነቅተው ነው የሚጠብቁት።

የእግር ኳስ አፍቃሪውም ከዚህ ጨዋታ ውጪ አይደለም። በ1958ቱ የስዊድን የዓለም ዋንጫ ዘመን እዚያው ስዊድን የታተመው የ17 ዓመቱ የፔሌ ካርድ 9 ነጥብ ይዞ በ2022 በ1.33 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። የማራዶና ተፈላጊ ካርድ ደግሞ ጣሊያናዊው ፓኒኒ በ1979 ያወጣው ቁጥር 312 ተለጣፊ ምስል ነው። እሱንም ቢሆን የሚፈልጉት ጀርባው ያልተላጠ ከሆነ ነው፣ አልበም ላይ የተለጠፈው ከውድድሩ ውጪ ነው።