የአየርላንድ ዘር ቈጠራና የወታደሩ ወረቀት

የአየርላንድ ስደተኛ የልጅ ልጅ የአባቶቹን መንደር ለማወቅ ቢነሣ አስቀድሞ የሚያገኘው አመድ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም.፣ በርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ የደብሊን መዝገብ ቤት ተቃጥሎ የብዙ መቶ ዓመት ጽሑፍ ጠፍቷል። ከ1861 እስከ 1891 ዓ.ም. የተደረጉትን አራት የሕዝብ ቈጠራዎች ግን ያጠፋቸው እሳት አይደለም፤ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ነበር!

ሆኖም ከዘመዶቹ አንዱ በእንግሊዝ ጦር አገልግሎ ጡረታ የወጣ እንደ ሆነ ተስፋ አለ። የስንብቱ ወረቀት በለንደን፣ በኪው መዝገብ ቤት ይገኛል፤ የተወለደበትን አጥቢያ፣ ዕድሜውንና የቀድሞ ሥራውን፣ አንዳንድ ጊዜም የዓይኑን ቀለም ሳይቀር ይናገራል። ልጆቹ በሕንድ አገር ተወልደው እንደ ሆነ በጦር ክፍሉ የልደት መዝገብ ይፈለጋሉ። በአገልግሎት ላይ ሳለ የሞተው ግን ብዙ ጊዜ የስንብት ወረቀት የለውም፤ ስለ እርሱ የደመወዙን መዝገብ ቅጠል በቅጠል መግለጥ ያስፈልጋል።