የአእምሮ ሕመም መድኃኒትና የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት

በቆሰበርም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ሃሎፔሪዶል ለዓመታት የወሰደ ተማሪ በክፍል ውስጥ ፈዞ የተመለከተ መምህር፣ መድኃኒቱ አንጎልን ይጎዳ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ፍዘቱ በአብዛኛው መድኃኒቱ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ሥራ ከመግታቱ የሚመጣ ነው፤ የደጋፊ ሕዋሳት ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ግሊያ የተባሉት እነዚህ ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳትን የሚመግቡና የሚጠብቁ ናቸው፤ ስማቸው በግሪክኛ «ሙጫ» ማለት መሆኑ ሥራቸውን አሳንሶታል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ሃሎፔሪዶል ወይም ኦላንዛፒን ከ17 እስከ 27 ወራት የተሰጣቸው ጦጣዎች በተመረመረው የአንጎል ክፍል ግሊያቸው በ14 በመቶ ያህል አንሶ ሲገኝ፣ የነርቭ ሕዋሳታቸው ቁጥር አልቀነሰም። ጦጣዎቹ ግን ጤነኞች ስለ ነበሩ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሕሙማን ማዛወር አይቻልም። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ በበኩሉ ሕመሙ እንዲያገረሽ ሊያደርግ ይችላል፤ በመሆኑም መምህሩ ያየውን ለወላጆች ያስረዳል፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።