ባሕሩ በሸሸበት የተነጠፈው አሸዋ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ተማሪ የዓባይን በረሃ አይረሳውም። በክፍል ውስጥ ግን «ደጋው አንድ ጊዜ ባሕር እንደ ነበረ በምን እናውቃለን?» ብለን ብንጠይቀው ዝም ይላል። መልሱ በአውቶቡሱ መስኮት ያየው ገደል ነው።

ጥፋቱ በከፊል የእኛ የመምህራኑ ነው። አሸዋ ድንጋይ ባየን ቁጥር «የአዲግራት ነው» ብለን ማለፍ ልማድ አድርገነዋል። ነገር ግን በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ያሉት አሸዋ ድንጋዮች ሁለት ናቸው። የታችኛው ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት፣ የላይኛው ደግሞ ከሄደ በኋላ የተነጠፉ ናቸው። ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ የባሕሩን ታሪክ በሙሉ ያጣዋል።

ታሪኩን ከታች ወደ ላይ እናንብበው። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው ወንዞች በየብስ ላይ ያነጠፉት ነው። በጁራሲክ ዘመን ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ መጣ። በመጀመሪያ ጥልቀት አልነበረውምና ውሃው እየተነነ ጂፕሰም ተወ። ቀጥሎም እየጠለቀ ሄዶ ዛጎል የሞላበትን የአንታሎን ኖራ ድንጋይ አነጠፈ። በመጨረሻም የብሱ ከፍ ሲል ባሕሩ በመጣበት አቅጣጫ ተመለሰ። በኖራው ላይ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ተከመረ፤ በዚሁ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከዚያ በላይ በክሬታሺየስ ዘመን የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ተነጠፈ። እንግዲህ ይህን አሸዋ ያመጡት ወንዞች ናቸው፤ ባሕሩ የለቀቀላቸው ቦታውን ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የእሳተ ገሞራ ባዛልት ሁሉንም ሸፈነው። ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቆርጦ ባይወርድ ኖሮ ይህን ገጽ ባላነበብነው ነበር።

ባሕሩ መሸሹን የሚነግረን አንድ ድንጋይ ብቻውን ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ይህንንም በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። አሸዋና ጭቃ በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጠን ብናስቀምጠው አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ጭቃው ግን ብዙ ይቆያል። በባሕርም እንዲሁ ነው። አሸዋ በዳር ይቀራል፤ ጭቃ ራቅ ብሎ ይሰፍራል፤ ኖራ ደግሞ ጭቃውና አሸዋው በማይደርሱበት ጥሩ ውሃ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ወደ ላይ ስንወጣ ከኖራ ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ አሸዋ ካለፍን የብሱ ወደ እኛ ቀርቧል፤ ባሕሩ ሸሽቷል ማለት ነው። ኖራ ድንጋዩን ለመለየት በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ኖራው አረፋ ያወጣል፤ አሸዋ ድንጋዩ ግን በአብዛኛው አያወጣም።

ንጣፎቹ በየቦታው እኩል ውፍረት እንደሌላቸውና አንዳንዶቹም በአንዳንድ ሥፍራ እንደማይታዩ አስቀድመን ለተማሪዎቻችን እንንገራቸው። ከእንግዲህ አንድ ተማሪ አሸዋ ድንጋይ ይዞልን ሲመጣ ስሙን ከመንገራችን በፊት «ከኖራው በታች ነው ወይስ በላይ ያገኘኸው?» ብለን እንጠይቀው።